ለሴፕቲክ ታንክ የሚሸጠው የባክቴሪያ ዱቄት፦ የ18 ወር ልምዴ

የምንኖረው በአዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ የከተማው የፍሳሽ መስመር ባልደረሰው ሰፈር ነው። የቤታችን ፍሳሽ ግቢያችን ውስጥ በኮንክሪት ወደተሠራ ባለሁለት ክፍል ሴፕቲክ ታንክ ይገባል፤ ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሄዳል። በጥር 2016 ዓ.ም. ታንኩን በመኪና ካስመጠጥን በኋላ፣ በየወሩ ከተጨመረ ዳግመኛ ማስመጠጥ እንደማያስፈልግ ማሸጊያው ላይ የተጻፈበት የባክቴሪያ ዱቄት ገዛሁ። ከየካቲት 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ለ9 ወር ሳላቋርጥ ተጠቀምኩበት፤ ከኅዳር እስከ ሐምሌ 2017 ደግሞ ልዩነቱን ለማየት ብዬ ለሌላ 9 ወር ሳልጨምር ቆየሁ። በሁለቱም ጊዜ በቤቱ የምንኖረው 6 ሰዎች ነን።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ፣ 100 ግራም ዱቄት ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ ሽንት ቤቱ ውስጥ እጨምርና ውሃ እለቅበታለሁ። የዱቄቱ ሽታ አያስቸግርም፣ ቧንቧም አይዘጋም። በዚህ በኩል ምርቱን የምነቅፍበት ነገር የለኝም።

ዋናው ጥያቄ ግን ዝቃጩን ይቀንሳል ወይ የሚለው ነው፤ ይህንንም በግምት መመለስ አልፈለግሁም። አንድ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጠና ወስጄ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አደረግሁበት፣ የታችኛውን ጫፍ በነጭ ፎጣ ጠቀለልኩት፣ ከዚያም በመጀመሪያው ክፍል መክፈቻ በኩል ወለሉን እስኪነካ ቀስ ብዬ አወረድኩት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲወጣ ዝቃጩ የደረሰበት ቦታ ፎጣው ላይ ጠቁሮ ይታያል። ከላይ የሚንሳፈፈውን የቅባት ግግር የምለካው ጫፉ ላይ ትንሽ ጣውላ በተመታበት ሌላ እንጨት ነው፤ ግግሩን አልፎ እንዲወርድ አድርጌ መልሼ ስስበው ጣውላው ከግግሩ ሥር ሲይዝ ይታወቀኛል። ይህን ስሠራ ጓንት አደርጋለሁ፣ እሳት አላስጠጋም፣ ፊቴንም መክፈቻው ላይ አልደፋም። እዚህ ላይ ቆም ብዬ መናገር የምፈልገው ነገር አለ፦ ማንም ሰው፣ ለደቂቃም ቢሆን፣ ለቁፋሮም ሆነ ለጽዳት ታንክ ውስጥ እንዲገባ አትፍቀዱ። ውስጡ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ችሎታን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ሽታው ስለጠፋ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም። የወደቀውን ለማውጣት የገባ ሌላ ሰው አብሮ የሚሞተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ውጤቱ እነሆ። ታንኩ በተመጠጠ ማግስት ወለሉ ላይ የቀረው ዝቃጭ 3 ሴንቲ ሜትር ነበር። ዱቄቱን በተጠቀምኩባቸው 9 ወራት መጨረሻ 14፣ ዱቄቱን ባቆምኩባቸው 9 ወራት መጨረሻ ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር ደረሰ። ጭማሪው በሁለቱም ጊዜ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። የእኔ አለካክ የአንድ ወይም የሁለት ሴንቲ ሜትር ስህተት ሊኖረው እንደሚችል አልክድም፤ ሆኖም ማስመጠጥን የሚያስቀር ነገር ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ከዚህ ስህተት በላይ ጎልቶ መታየት ነበረበት። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ከሰው ዓይነ ምድር ጋር በየቀኑ በብዛት ይገባሉ፤ አሸዋና ሊብላላ የማይችል ነገር ግን የትኛውም ባክቴሪያ ቢጨመርበት ወለሉ ላይ ይቀራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ለመኖሪያ ቤት ታንክ እንዲህ ያሉ ተጨማሪዎች እንደማያስፈልጉ ይገልጻል፤ እንደ ቤተሰቡ ብዛትና እንደ ታንኩ መጠን በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ማስመጠጥንም ይመክራል።

ስለ ሽታው ተሳስቼ ነበር። በሚያዝያ 2016 በመኝታ ቤቱ መስኮት ይገባ የነበረው ሽታ ሲጠፋ ዱቄቱን አመሰገንኩ፣ ለጎረቤቶቼም ነገርኳቸው። በዚያው ወር ግን የታንኩን የአየር ማስወጫ ቧንቧ ከጣሪያው በላይ አስረዝሜው ነበር። ዱቄቱን ካቆምኩ በኋላ ሽታው አለመመለሱን ሳይ ለውጡን ያመጣው ቧንቧው መሆኑን ተረዳሁ፤ ጎረቤቶቼንም ሄጄ አስተካከልኩላቸው።

እውነተኛ ለውጥ ያየሁት በወጥ ቤት በኩል ነው። የቡና አተላው፣ የወጥ ድስት ቅባቱ፣ የቡሆቃው እጣቢ ሁሉ በዕቃ ማጠቢያው ይወርድ ነበር። በኅዳር 2017 ማጠቢያው ሥር የቅባት መያዣ ሳጥን አስገጠምን፤ አተላው ወደ ጓሮው አትክልት መሄድ ጀመረ፤ ድስቱም ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረጋል። በመጀመሪያዎቹ 9 ወራት 5 ሴንቲ ሜትር የደረሰው የቅባት ግግር በቀጣዮቹ 9 ወራት የጨመረው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ያውም ፋሲካ በመካከል እያለ። አማቴም በየቅዳሜው ሽንት ቤቱን በአንድ ሙሉ ጠርሙስ በረኪና ማጠባቸውን ትተው በጥቂት ሳሙናና በብሩሽ መፈተግ ጀምረዋል፤ በረኪና ሲበዛ ታንኩ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች እንደሚገድል ስነግራቸው በአንድ ቃል ነው የተቀበሉኝ።

በሐምሌ 2016 ሽንት ቤቱ ውሃ አልወስድ ብሎ ነበር፤ ያኔ ዱቄቱን እጥፍ አድርጌ ጨመርኩ፣ ምንም አልረዳም። ችግሩ የአሸንዳው ውሃ በታንኩ ክዳን ዙሪያ እየሰረገ መግባቱ ነበር። አፈራችን ዋልካ ስለሆነ ክረምት ላይ ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፤ ማስረጊያ ጉድጓዱም የቤቱን ፍሳሽ ለመቀበል በሚቸገርበት ወቅት የጣሪያው ውሃ ተጨመረበት። አሸንዳውን ወደ መንገዱ ቦይ አዙረን የክዳኑን ጠርዝ በሲሚንቶ ከለሰንን በኋላ፣ በ2017 ክረምት እስካሁን አልተደገመም።

ለዱቄቱ በ9 ወር ያወጣሁት ገንዘብ መጣጭ መኪናው አንድ ጊዜ ሲመጣ ከከፈልኩት ግማሽ ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ደግሜ አልገዛውም። በአሁኑ ወቅት ዝቃጩና ግግሩ በአንድነት 31 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ የክፍሉ የፈሳሽ ጥልቀት 150 ሴንቲ ሜትር ነው። ድምሩ አንድ ሦስተኛውን፣ ማለትም 50 ሴንቲ ሜትርን ሳያልፍ መኪና እጠራለሁ፤ ቀጣዩን ልኬት የማደርገው በጥር 2018 ነው።