ላቴክስ፣ ስፖንጅ ወይስ ሜሞሪ ፎም? ለአዳማ ሙቀት የሚሆን የፍራሽ ተደራቢና ትራስ

አዳማ ላይ መጋቢትና ሚያዝያ ሲገባ ሌሊቱም ይሞቃል። መስኮት ከፍታችሁ ብትተኙ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ይገባል። ዘግታችሁ ብትተኙ ላብ በላብ ትሆናላችሁ። ስለዚህ እዚህ ከተማ ፍራሽ ላይ የሚነጠፍ ተደራቢ ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ ሙቀቱ ነው። ልስላሴው ይደርሳል።

ከሜሞሪ ፎም ልጀምር፤ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ እጃችሁን ስትጭኑበት ቶሎ የሚማርካችሁ እሱ ነው። በሰውነት ሙቀት እየለሰለሰ ቅርጻችሁን ይዞ ይሰምጣል። ትከሻና ዳሌ ላይ ያለውን ጫና ይቀንሳል። ችግሩ፣ አቅፎ ሲይዛችሁ ሙቀታችሁንም አብሮ ይይዛል። ደብረ ብርሃን ብትኖሩ ግዙት እላችሁ ነበር። ለአዳማ ግን እኔ አልገዛውም።

ላቴክስ ሌላ ጠባይ አለው። የሚሠራው ከጎማ ዛፍ ከሚወጣ ወተት መሰል ፈሳሽ ነው። ሰው ሠራሹም፣ ከሁለቱ የተደባለቀውም አለ፤ የተደባለቀው ዋጋው ቀለል ይላል። ፈሳሹ እንደ እንቁላል ተመትቶ አረፋ ይሆንና ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይበስላል። ብዙውን ጊዜ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፤ አየር ይዘዋወርበታል። ስትጫኑት ይገባል፣ ስትለቁት ወዲያው ይመለሳል። ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ጥቅሙ ይገባዋል። ሜሞሪ ፎም ላይ መዞር ከጉድጓድ እንደመውጣት ነው።

ሻጭ «ደንሎፕ ነው ወይስ ታላላይ?» ብሎ ቢያደናግራችሁ አትደንግጡ። ሁለቱም የአሠራር ስሞች ናቸው። ደንሎፕ የሾፌሮቻችን የጎማ ስም ነው፤ አሠራሩም ከዚያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣ ነው። ሲበስል ዝቃጩ ወደ ታች ስለሚወርድ አንድ ፊቱ ጠንከር ይላል። ታላላይ ግን አየሩ ተመጥጦ፣ ቀዝቅዞ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚበስለው። እኩል ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ውድ ነው። ወፈር ያለና በጀርባው የሚተኛ ሰው ደንሎፕ ይስማማዋል። ቀጠን ብሎ በጎኑ የሚተኛ ታላላይን ይወደዋል። ለ5 ሴንቲ ሜትር ተደራቢ ብላችሁ ግን እጥፍ አትክፈሉ።

ተራው ስፖንጅስ? ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ ቶሎ ይሰረጎዳል። በቃ።

እዚህ ላይ ተሸውጄ አውቃለሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ «ወንድሜ፣ ንጹሕ ላቴክስ ነው፣ እመነኝ» ተባልኩና ገዛሁ። ባጃጅ ላይ ስጭነው በአንድ እጄ አነሳሁት። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። 1.50 በ1.90 ስፋት ያለው፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደንሎፕ ላቴክስ ወደ 11 ኪሎ ይመዝናል። በዚሁ መጠን ያለ ተራ ስፖንጅ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ብቻ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ መሃሉ ጎድጓዳ ሆነ። እናንተ ሚዛን አስመጡ፤ ሻጩ ከሳቀባችሁ ይሳቅ። ከባድ ሆኖ የእጃችሁ አሻራ ላዩ ላይ ከቆየ ደግሞ ሜሞሪ ፎም ነው።

የትኛውንም ብትገዙ የተሰረጎደ ፍራሽ ላይ አትደርቡት። ተደራቢው የጉድጓዱን ቅርጽ ይዞ ይወርዳል። መጀመሪያ ርብራቡንና ፍራሹን እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ። እናቶቻችን ፍራሽ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፤ ለጥጥ ፍራሽ ጥሩ ነው። ላቴክስን ግን ፀሐይ ይገድለዋል። ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። ጥላ ውስጥ አናፍሱት። ጥግ ይዛችሁም አትጎትቱት፣ ይቀደዳል። የጎማ ጓንት ቆዳውን የሚያሳክከው ሰው ካለ ላቴክስ ይቅርበት።

ወደ ትራሱ እንምጣ። የድሮው የጥጥ ትራስ እየቆየ ይጓጉላል፤ ግን ተፍታቶ ጥጡ ይቀነሳል፣ ይጨመራል። ወጥ የላቴክስ ትራስ ይህ የለውም። ከፍታው ካልተስማማችሁ አለቀ። በጎናችሁ የምትተኙ ከሆነ ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር፣ በጀርባችሁ ከሆነ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋችኋል። ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው ከፍ ያለውን ይውሰድ። በሆዳችሁ የምትተኙ ስስ የሆነ ትራስ ፈልጉ። ሱቁ ውስጥ በጎናችሁ ተኙና ሌላ ሰው ከኋላ ይያችሁ፤ አንገትና ጀርባ ቀጥ ብለው ከታዩ ልክ ነው። ማፈር የለም።

የእኔ ምርጫ በቁርጥራጭ ላቴክስ የተሞላና ዚፕ ያለው ትራስ ነው። ከበዛባችሁ ዚፑን ከፍታችሁ ትቀንሳላችሁ፣ እንደ ጥጡ ማለት ነው። አየርም ያስገባል።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ትራሱ ይቅደም። እኔም ከዚያ ሽወዳ በኋላ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ተደራቢው ገና ነው፤ ለጊዜው ጠንካራ ስፖንጅ ላይ ነው የምተኛው። አንገቴ ግን ጠዋት ጠዋት መንቀጫቀጩን ትቷል።