የአደን መሬት ለምትፈልጉ የዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ሀበሾች፦ ይሄን ኤጀንት ሳላመሰግን አላልፍም

ሰላም ወገኖች፣ ሁልጊዜ የምንጠቋቆመው የቤት ኤጀንት፣ መካኒክ፣ ካርጎ ምናምን ነው፣ የኔ ዛሬ ትንሽ ለየት ይላል። እኔ፣ የባለቤቴ ወንድምና አንድ አብሮ አደጋችን ሆነን ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ለአደን የሚሆን ጫካ መሬት ገዝተን ክሎዝ አድርገናል (ግዢውን ጨርሰናል)፣ ዲዱም (የባለቤትነት ሰነዱ) በስማችን ካውንቲው መዝገብ ውስጥ ገብቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገሩ በሰላም ያለቀው ግን በአንድ የመሬት ኤጀንት ምክንያት ነው። ስሙን በአደባባይ አልጽፍም፣ ስጠይቀው «የእውነት መግዛት ለሚፈልግ ሰው ስልኬን ስጥ፣ ለሌላው ተወው» ስላለኝ በኢንቦክስ ነው የምሰጣችሁ።

«ሀበሻና የአደን መሬት ምን አገናኘው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የባለቤቴ ወንድም ለዓመታት ናሽናል ፎረስት ውስጥ ሲያድን የኖረ ሰው ነው፣ አያቱ ግዳይ የጣሉ ናቸው ይላል፣ እውነት ይሁን ፉከራ እሱ ያውቃል፣ ብቻ እኛንም ሀንተር ኤጁኬሽን የሚባለውን የአዳኞች ትምህርት አስጨርሶ አስገባን። ጫካው የሕዝብ ሲሆን ግን የጠመንጃ ሲዝን በሚከፈትበት ቅዳሜ ብርቱካናማ ኮፍያ ያደረገ አዳኝ ያልተቀመጠበት ዛፍ የለም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር አገራችን ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ቁጭ ብሏል፣ እና ጫካ ከነአፈሩ ከነዛፉ በስምህ ይሆናል ሲሉህ የሆነ ነገር ውስጥህ ይነሳል። የኛ 40 ኤከር ግድም ነው፣ ወደ 16 ሄክታር ማለት ነው፣ ግማሽ ጋሻ እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ ባላባት ሆኑ ብላችሁ እንዳታሙን።

መጀመሪያ የሄድነው ቤት ከሚሸጥ ኤጀንት ጋር ነበር፣ ጨዋ ሰው ነው እንከን አይወጣለትም፣ ግን ስለ ጫካ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ያህል ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሊስቲንግ ደግሞ ሁሉም «የአዳኝ ገነት» ነው የሚለው፣ ፎቶው ላይ ሁሌ ቀንዱ የተንዠረገገ አጋዘን አለ፣ አጋዘኑ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል። ከዛ የስራ ባልደረባዬ ይሄን ሰውዬ ጠቆመን። ስራው መሬት ብቻ ነው፣ በኪንግሃምና ከምበርላንድ ካውንቲ አካባቢ፣ ማለት መንገድ 29ን ይዛችሁ ሻርለትስቪል ከደረሳችሁ በኋላ በመንገድ 20 ወርዳችሁ ጄምስ ወንዝን ስትሻገሩ ያለው አገር። ገና ሳንነሳ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍልና ስንት እንደሆነ በጽሁፍ ተፈራረምን፣ ኋላ ላይ ጭቅጭቅ የሚባል ነገር አልነበረም።

እኛ ልባችን የወደቀው አንድ መሬት ላይ ነበር። ዋጋው ከአካባቢው በጣም የወረደ፣ መሀሉን ትንሽ ወንዝ ያለፈበት፣ ዳገቱ ላይ ትልልቅ ኋይት ኦክ የሚባል ዛፍ ፍሬውን አራግፎ የአጋዘን ኮቴ እንደ ገበያ መንገድ ረግጦታል። እኛ ፎቶ እያነሳን ለሚስቶቻችን ስንልክ ሰውዬው ዝም ብሎ የገባንበትን የድሮ የእንጨት ጫኝ መኪና መንገድ ወደኋላ ዞሮ ያያል። «ይሄ መንገድ የማነው?» አለ። የሻጩ ወገን ጎረቤትየው ሁሌ ያሳልፋል፣ ችግር የለም አለን። ችግር የለም የሚለውን ቃል ደግሞ ሀበሻ ይወዳል አይደል። እሱ ግን ካውንቲው ፍርድ ቤት ሄዶ የሁለቱንም መሬት ዲድ ወደኋላ እያገላበጠ አየልን፣ የመተላለፊያ መብት የሚል የተጻፈ ነገር የለም። ጎረቤትየው በቃል ለሻጩ የሰጠው ፈቃድ ለኛ አይተላለፍም፣ ነገ ሰውየው ቢሞት ወይ ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት ሰንሰለት ዘርግቶ ቁልፍ ቢያደርግበት እኛ መሬታችንን ከሳተላይት ላይ እያየን ግብር እንከፍላለን ማለት ነው። መክሰስ ይቻል ይሆናል፣ ግን ጫካ የፈለግነው ጠበቃ ለመቅጠር አይደለም። ባንክም ሕጋዊ መግቢያ በሌለው መሬት ላይ ማበደር አይወድም። እኛ እኮ ለሻጩ ኦፈር (የመግዣ ዋጋ) እናስገባ ብለን ስንለምነው የነበርን ሰዎች ነን፣ እሱ ኮሚሽኑ በእጁ እያለ «አታስገቡ» አለን።

ከዛ በኋላ ያየነው ደግሞ ከመንገድ ጋር የተያያዘ፣ ወረቀቱም ደህና ይመስል ነበር። የታይትል (የባለቤትነት ማጣሪያ) ወረቀቱ ሲመጣ የታይትል ኢንሹራንሱ የማይሸፍናቸው ነገሮች የሚዘረዘሩበት ሼጁል ቢ የሚባል ክፍል አለው፣ ሰው የማያነበው ማለት ነው፣ ሰውዬው አስቀምጦ መስመር በመስመር አስነበበን። እዛ ውስጥ ሻጩ ዛፉን ለእንጨት ድርጅት እንደሸጠና ድርጅቱ ገና ገብቶ መቁረጥ እንደሚችል የሚል ውል ተመዝግቧል። መሬቱን እኛ እንገዛለን፣ ኦኩን እነሱ ጭነው ይሄዳሉ። እሱንም ተውነው። የማዕድን መብትም እንደዚሁ ከመሬቱ ተነጥሎ ለሌላ ሰው የተሸጠ ሊሆን ይችላል፣ ዌስት ቨርጂኒያ የምታስቡ ካላችሁ እዛ ይሄ ነገር ብዙ ስለሆነ ሳትጠይቁ እንዳትፈርሙ።

አሁን የገዛነውም ቢሆን እንከን የለሽ ነው ብሎ አልሸጠልንም፣ እኔ በጣም የወደድኩለት እሱን ነው። ከጎኑ ያለውን ትልቅ መሬት በውሻ የሚያድን ክለብ ተከራይቶታል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከብሉ ሪጅ በስተምስራቅ በአብዛኛው ቦታ አጋዘን በውሻ ማደን ይፈቀዳል፣ እና ሕጉ እንዲህ ነው፦ ውሾቹ እነሱ መሬት ላይ ማባረር ጀምረው ወደናንተ ከገቡ ባለቤቶቹ ጠመንጃቸውን አስቀምጠው ውሾቻቸውን ለመውሰድ መግባት ይችላሉ፣ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ብትለጥፉም። ይሄንን ሳንጠይቀው ከመፈረማችን በፊት ነው የነገረን። ለ40 ኤከር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ንጋት ላይ ተቀምጣችሁ ውሻ እየጮኸ ካለፈ ያ ጠዋት አለቀ። እሁድ ግን አጋዘንን በውሻ ማደን ክልክል ስለሆነ ጸጥ ይላል፣ የግል መሬት ላይ እሁድ ማደን ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ተፈቅዷል፣ ከቤተ አምልኮ 200 ያርድ ውስጥ ካልሆነ በስተቀር። ሰውዬው ይሄን እንደ ትልቅ የምስራች ሲነግረን ተያየንና ሳቅን፣ እሁድ እኛ ቅዳሴ ላይ ነና። ለማንኛውም ዋጋው ላይ ይሄን አንስቶ ሻጩን አስቀነሰልን፣ ክለቡ ሰብሳቢ ጋርም ወስዶ አስተዋወቀን፣ ስልክ ተለዋወጥን፣ ውሻ ሲገባ ይደውላሉ። ሶስት ጥቁር ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ማንም የማያውቃቸው ገጠር ውስጥ ከመታየታቸው በፊት ጎረቤት ቢያውቃቸው ጥሩ ነው፣ ይሄን እሱ ራሱ አስቦ ነው ያደረገው፣ እኛ ለማንሳት አፍረን ነበር።

ወሰኑን ያየንበት ቀን ግን አይረሳኝም። ፌብሩዋሪ ነው፣ ቅጠል ስለሌለ ጫካው ርቆ ይታያል፣ መዥገርም እንደ በጋው አይበዛም። የድሮው ዲድ ወሰኑን ሲገልጽ ከድንጋዩ ክምር ተነስቶ እስከ ኋይት ኦኩ፣ ከዛ በጅረቱ ቁልቁል ይላል፣ እኛ አገር ከዋርካው እስከ ወንዙ እንደሚባለው ማለት ነው። ኦኩ ከወደቀ ቆይቷል፣ ጉቶው በስብሷል። ሰርቬየሩ (መሬት የሚለካው ባለሙያ) እየለካ ሲያመላክተው ኤጀንታችን በጎማ ቦቱ ቅጠሉን እየገፋ፣ በብረት መፈለጊያ እየዳሰሰ፣ ጲጵ አለችና ተንበርክኮ በእጁ ሲቆፍር ዝገት የበላው የብረት ካስማ ከነባርኔጣው ወጣ። ብርቱካናማ ሪባን አሰረበት። ስልካችን ላይ ባለው የካርታ አፕ ያለው መስመር ከዛ ካስማ ወደኛ ገባ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ጎረቤት ዛፍ ላይ የሰቀለው የአደን ስታንድ (መቀመጫ) ደግሞ በአፑ እሱ መሬት ላይ ነው፣ በካስማው ግን እኛ ጋ ነው ያለው። ሰውየው ሲነገረው ያለምንም ጭቅጭቅ አነሳው። አፕ ለመንገድ ይጠቅማል፣ ለወሰን ግን ሰርቬየር ክፈሉ። ከዛ ወሰኑን ወይንጠጅ ቀለም ቀባነው፣ ከ2020 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ዛፍ ላይ የተቀባ ወይንጠጅ መስመር «አትግባ» ከሚል ምልክት እኩል ነው።

ብድሩን ቶሎ ልለፈው፦ ባዶ መሬት ላይ የተለመደው የቤት ሞርጌጅ አይሰራም፣ እኛን ፋርም ክሬዲት ወደሚባለው የእርሻ መሬት አበዳሪ ነው የላከን፣ ዳውን ፔይመንቱ ከቤት ይከብዳል ተዘጋጁ። ካቢን መስራት ካሰባችሁ አፈሩ ሴፕቲክ (የቤት ፍሳሽ ማስወገጃ) እንደሚይዝ ፐርክ ቴስት የሚባለውን የአፈር ምርመራ አስደርጉ። ግብሩን የሚቀንስ ላንድ ዩዝ የሚባል ነገር ያላቸው ካውንቲዎች አሉ፣ ለጫካ ቢያንስ 20 ኤከር ይፈልጋል፣ ግን አጠቃቀሙን ከቀየራችሁ የአምስት ዓመቱን የግብር ልዩነት ከነወለዱ ይጠይቋችኋል። ሶስት ሆናችሁ የምትገዙ ደግሞ አንዱ ልሽጥ ቢል፣ አንዱ ቢሞት፣ ግብር ባይከፍል የሚለውን በጠበቃ ጻፉ፣ «እኛ እኮ ወንድማማች ነን» አትበሉ፣ ሰውዬው ይሄን ሳትጽፉ ክሎዝ አላደርግም ብሎ አስጨንቆን ነው የጻፍነው። በራሳችሁ መሬት ላይ እናንተም፣ ባለቤታችሁም፣ ልጆቻችሁም፣ ወላጆቻችሁም ያለ ላይሰንስ ማደን ትችላላችሁ፣ የገደላችሁትን አጋዘን ሪፖርት ማድረግ ግን ግዴታ ነው።

ስጋውን በተመለከተ፣ የጠመንጃው ሲዝን ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ይከፈትና ኖቬምበር 24 ጾመ ነቢያት ይገባል፣ ስለዚህ መጀመሪያው ሳምንት ላይ ካልቀናችሁ እስከ ገና ዲፕ ፍሪዘር ነው። ሳይባረክ በጥይት የሞተ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ እኔ ላይ አትጀምሩ፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

የሰውዬው ጉድለት ካላችሁኝ፣ ቴክስት አይመልስም፣ መደወል ነው። ቤት አይሸጥም፣ ከዛ አካባቢ ርቆም አይሄድም፣ ሜሪላንድ ብትሉት ሌላ ሰው ይጠቁማችኋል። ለማየት ስትሄዱ ቦት አድርጉ፣ ስኒከር አድርጎ የመጣውን አብሮ አደጋችንን አሁንም ድረስ ያነሳበታል። ቆሎ ይዛችሁለት ብትሄዱ ደግሞ አትጎዱም፣ አንዴ አቅምሰነው ለምዷል። ስልኩን የምትፈልጉ የት አካባቢ፣ ስንት ኤከርና በጀታችሁን ጽፋችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ኖቬምበር ላይ ግን አትደውሉለት፣ እሱም ጫካ ነው፣ አያነሳም።