የ120 ቮልት አምፕ በደሴ መብራት

«15 ዋት ብቻ ነው፣ ትንሽዬ ትራንስፎርመር ትበቃዋለች፣ አብሽር!» ብሎ ይህን የጊታር አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን ሳጥን) የሸጠልኝ ሰው ዛሬ ፒያሳ ላይ ቢገጥመኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ 15 ዋቱ የሚወጣው ነው ወይስ የሚገባው?

አምፑ ላይ የሚጻፈው ዋት ለስፒከሩ የሚያቀብለው ጉልበት ነው። ከግድግዳው የሚበላው ሌላ ሂሳብ ነው። የእኔው ሁለት ኢኤል84 እና ሦስት 12ኤኤክስ7 የሚባሉ ቲዩቦች (ድምፁን የሚያጎሉ እንደ አምፖል ያሉ መስታወቶች) አሉት። አንድ ኢኤል84 ውስጡ ያለውን ክር ለማጋል ብቻ በ6.3 ቮልት 0.76 አምፔር ይስባል፤ አንድ 12ኤኤክስ7 ደግሞ 0.3። ደምሩት። ጊታሩ ገና ሳይነካ 15 ዋት አልቋል! በዚያ ላይ እያንዳንዱ ኢኤል84 ሥራ ፈትቶ ተቀምጦም እስከ 12 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ሊተፋ ይችላል። 220ን ወደ 120 የምታወርደው «ትንሽዬዋ» ትራንስፎርመር 50 ዋት ተጽፎባት ነበር፤ አንድ ምሽት ከተጫወትኩባት በኋላ ሽፋኗ እጅ አላስነካ አለ፣ ቤቱም ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተ።

ስለ ድምፁ አጭር ልበል። ባቲን ጥርት አድርጎ፣ አምባሰልን ትንሽ ሻከር አድርጎ ለመጫወት ከዚህ የተሻለ አልፈልግም። ከአምፑ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ አሜሪካ ውስጥ ለ120 ቮልት የተሠራን ዕቃ እዚህ አምጥቶ «ኮንቨርተር ብቻ ሰካበት» ከሚል ሰው ጋር ነው።

በወረቀት ላይ መብራታችን 220 ቮልት ነው። መልቲሜትሬ ግን ሌላ ይላል። ማታ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ ሲጣድ እቤቴ ሶኬት ላይ 185 አነባለሁ። ያቺ ትራንስፎርመር ግድግዳው የሰጣትን በዚያው ልክ ትቀንሳለች እንጂ አታስተካክልም፤ ስለዚህ አምፑ ጋ የሚደርሰው 101 ቮልት ነው፣ 6.3 ቮልት የሚፈልገው ክርም 5.3 ይደርሰዋል። ድምፁ ይደክማል፣ ከፍ ያሉት ኖታዎች ይታፈናሉ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ያው ሶኬት 240 ያሳያል፤ አምፑ 131፣ ክሩ 6.9 ይደርሰዋል ማለት ነው። ለቲዩብ ክር በተለምዶ የሚፈቀደው ከ6.3 አሥር በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው። እኔ በአንድ ሌሊት ከታችኛው ጠርዝ አልፌ የላይኛውን እነካለሁ።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅሁት ቦታ ነው። ለፍሪጅ የሚሸጠው ተራ ስታቢላይዘር (የሚዋዥቀውን ቮልት የሚያስተካክለው ሳጥን) ከጀርባው ማንም የማይነካት የ110 ቮልት ሶኬት አለችው። አምፑን እዚያ ሰካሁት። የስታቢላይዘሩ ሻጭ በመገረም «ጋሼ፣ እሱ እኮ የፍሪጅ ነው» ብሎኝ ነበር። ይሁን! 110 ቮልት ለ120 አምፕ ያንሳል የሚል ካለ ሂሳቡን ይስማ። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል (60 ሄርዝ)፣ የእኛ 50። አምፑ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ብረት የሚሸከመው የማግኔት ጫና ቮልቱ ለሄርዙ ሲካፈል በሚገኘው ልክ ነው፤ በአገሩ 120 ለ60፣ ማለትም 2። እዚህ 120 ብሰጠው 2.4 ይሆናል፣ 110 ስሰጠው 2.2፤ ማነሱ ብረቱን ያሳርፈዋል። ክሩም 5.8 ቮልት ያገኛል፣ ከተፈቀደው አይወጣም። የአምፑ ትራንስፎርመር አሁን እጄን ባስቀምጥበት ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም።

ስታቢላይዘሩ ጉድለት የለውም አልልም። ቮልቱ ሲዋዥቅ ውስጡ ያለው ሪሌ (በራሱ የሚቀያይር ማብሪያ ማጥፊያ) ጠቅ ይላል፣ ጠቅታውም በአምፑ በኩል ይሰማል፤ ለቀረጻ አይሆንም። የሚሸከመው ጭነት 1000 ቪኤ ተብሎ የተጻፈበትንም ግማሹን ብቻ ነው ያመንኩት። ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ ወዲያው የማይለቅ፣ ለፍሪጅ ሞተር ተብሎ የተሠራ የ3 ደቂቃ መዘግየት አለው። ተመላሹ መብራት ሲዘልል አምፔ ተኝቶ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ቲዩብ ሻጮች። «የስሎቫኪያው ሞቅ ያለ ነው፣ የሩሲያው ይደምቃል፣ የቻይናው ይጮኻል» ይሉኛል። ዛሬ የሚሸጠው አዲስ ቲዩብ በአብዛኛው የሚሠራው በእነዚሁ ሦስት አገሮች ነው፤ ጄጄ የተባለው ፋብሪካ ቻድጻ በምትባል የስሎቫኪያ ከተማ፣ የሩሲያው ሳራቶቭ ውስጥ። ልዩነት የለም አልልም። በ185 ቮልት ግን ሁሉም እኩል ይደክማል፤ መጀመሪያ መብራቱን አስተካክል፣ ከዚያ ስለ ድምፅ ቀለም እናውራ። እኔ ጄጄ ኢኤል84 ገዛሁ፣ ያውም ተለክቶ የተጣጣመ ጥንድ። ያልተጣጣሙ ከሆኑ አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከምና ውስጡ ያለው ግራጫ ብረት እንደ ፍም ይቀላል፤ ያን ያየ ሰው ወዲያው ያጥፋ። ከትንንሾቹ የለወጥኩት ከጊታሩ ገመድ ቀጥሎ ያለውን ብቻ ነው፣ በእርሳስ ሲነካ ስለሚያቃጭል። ኢሲሲ83 ተብሎ ቢመጣላችሁ አትመልሱ፣ ያው 12ኤኤክስ7 ነው።

ቲዩቦቹ ከአዲስ አበባ በደብረ ሲና ወርደው፣ ሐረጎን ወጥተው ነው የሚደርሱኝ። ሳጥኑን ስከፍት የማየው መጀመሪያ አናታቸውን ነው። መስታወቱ ጫፍ ላይ ያለው የብር ቀለም ቅብ ነጭ ወተት ከመሰለ አየር ገብቶበታል፣ ሶኬት ላይ ሳይሰካ ይጣል።

ሌላው የሚያናድደኝ ሦስተኛውን የሶኬት እግር ቆርጦ የሚሸጥ ሰው ነው። «እዚህ አገር አይገባም» ይላል። ያ እግር የግራውንድ ነው፣ ያመለጠ መብራት ወደ መሬት የሚወርድበት! ስታቢላይዘሩ ግድግዳውን ከአምፑ አይለያይም፤ ግራውንድ ከሌለ ምን እንደሚደርስ የጊታሩን የብረት ክር ይዞ ከንፈሩን ማይክ ላይ ያስጠጋ ዘፋኝ ነው የሚያውቀው። በፊውዝ ፋንታ የሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት የሚጠቀልልም አለ፤ እሱን ቤቴ አላስገባም። አምፑን ነቅለው ወዲያው የሚከፍቱም ይጠንቀቁ፣ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (መብራት የሚያጠራቅሙት) አምፑ ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ቮልት ይይዛሉ።

ልሽጠው? አልሸጠውም። ዳግመኛ ብገዛ ግን ከሁሉ በፊት የማየው ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት ነው። ለጥር ሠርግ ድንኳን ውስጥ በጄኔሬተር እንድጫወት ተጠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ስታቢላይዘሩን ለብቻው ሰክቼ በመልቲሜትር ሳላይ አምፑን አላበራም፣ ባለ ድንኳኑ ቢቆጣም ይቆጣ።