ቡናው ቀጥኗል፣ እኔ ግን አልቀረሁም

22 አካባቢ ከአንድ ህንጻ ስር ላለች ጀበና ቡና ሪቪው ልጽፍ ብዬ ሶስቴ ጀምሬ ሶስቴ አጠፋሁት፣ ስለ ቡናው እጀምርና ስለ ሴትየዋ ስጽፍ ራሴን አገኘዋለሁ። በቃ እንደመጣልኝ።

አምና በሰፈሩ የሷን ቡና የሚያክል አልነበረም፣ ወፍራም፣ ጤና አዳም ጣል የተደረገበት፣ አንድ ስኒ እስከ ማታ የሚይዝህ አይነት። አሁን ግን እውነቱን ለመናገር ቀጥኗል። ጀበናው ማቶቱ ላይ ሳይሰክን ትቀዳዋለች፣ አተላው ጥርስህ ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዴ ደሞ አይኗ መንገዱ ላይ ቀርቶ ስኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ሲፈስ ነው የምትነቃው፣ ከዛ በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አርጋ ዝም።

እናቷ ሞተውባት ነው። ካዛንችስ ነበር ቤታቸው፣ በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተበተነ፣ እነሱ ገላን ጉራ ገቡ፣ እናትየው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። "ሰልስት ላይ ድንኳኑ ግማሹ ባዶ ነበር፣ እማዬ እኮ የማንም ለቅሶ ቀርታ አታውቅም" አለችኝና ከሰሏን ማራገቧን ቀጠለች። አላለቀሰችም። እንደዛ ስታደርግ ነው አንጀቴን የበላችው፣ ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተር ከፍቼ ሁሉ ያ ባዶ ወንበር ነው የሚታየኝ፣ የማላውቃቸው ሴትዮ ድንኳን ውስጥ ያለ ወንበር። ለቅሶ ቤት ሁሉም የየራሱን ነው የሚያለቅሰው ይባል የለ፣ የኔም እናት ካረፈች ሰባት አመቷ ነው፣ የቱ ለሷ የቱ ለራሴ እንደሆነ አልለየሁትም።

ባለፈው አንዱ "ምነው እህቴ፣ ይሄ ቡና ነው እጣቢ?" ሲላት ልጣላው ምንም አልቀረኝም። ሰውዬው እኮ ልክ ነው።

ሌላው፦ ስኒ 30 ብር፣ ፈንዲሻው በነጻ፣ በርጩማው ያንሳል፣ ዝናብ ሲመጣ ሸራው ያፈሳል። ለቡናው ከአምስት ሁለት፣ ከዛ በላይ ብሰጥ ውሸታም ነኝ። አሪፍ ቡና ብቻ ከፈለግክ ሌላ ቦታ ሞክር፣ እኔ ግን በሳምንት አምስት ቀን እዛው ነኝ።

ቅዳሜ "ወንድሜ፣ ቀጥኗል አይደል?" ስትለኝ "ኧረ አሪፍ ነው" ብዬ እስከ አተላው ጨለጥኩት። ይሄን የጻፍኩት ስልኳ ባለ በተን መሆኑን አይቼ ነው።