ለተጎዳ ካሴት ቅጂ የትኛው ይሻላል? ሞኒተር፣ የመደርደሪያ ስፒከር ወይስ ሄድፎን

ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ፣ ደህና የድምፅ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቤት ያለው የድሮ ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ ከካሴት የተቀዳ ነው፦ የአዝማሪ ማሲንቆ፣ የሰርግ ጭፈራ፣ ከካሴት ካሴት አራትና አምስት ጊዜ የተገለበጠ ዘፈን። ይህ ቅጂ ባለ 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ዕቃ (ድምፅን በጣም በዝርዝር የሚያጫውት ዲጂታል መሣሪያ) ላይ ሲከፈት ከድሮው ቴፕ የባሰ ይሆንና ገዢው ይደነግጣል። ዕቃው ግን አልተበላሸም። ተራ ካሴት ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ የሚይዘው ድምፅ ጥቂት ነው። በሹሽታው (ከሙዚቃው ጀርባ በሚሰማው የቴፕ «ሽሽ» ድምፅ) እና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀትም 50 ዴሲቤል ገደማ ሲሆን ተራ ሲዲ እንኳ 96 ድረስ ይሄዳል። የድሮዋ ቴፕ ስፒከር የምትደብቀውን ሹሽታ አዲሱ ዕቃ አንድ በአንድ ያወጣዋል። ስለዚህ ለዚህ ሙዚቃ ብሎ ለቢት ብዛት ተጨማሪ ብር መክፈል ከንቱ ነው። ብሩ መዋል ያለበት ለስፒከሩ ትሬብል (የቀጭን ድምፅ) ጥራትና ለማስተካከያ ቁልፎች ነው።

ሞኒተር፣ ማለትም አምፑ ውስጡ ያለው የስቱዲዮ ስፒከር፣ የተሠራው የቅጂን ጉድለት ለማሳየት ነው። የማሲንቆ ሹል ድምፅ ጆሮ በጣም ንቁ በሆነበት ከ2 እስከ 5 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ይጎላል፤ ቅጂው እዚያ ላይ ከጮኸ ሞኒተሩ ሳያለዝብ ይወጋዎታል። ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለሚገለብጥ ሰው ግን እኩያ የለውም። ኧርዝ በሌለው ቤት ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ የ50 ኸርዝ እምምታ ሊያመጣ ስለሚችል ባላንስድ ገመድ (እንዲህ ያለውን እምምታ የሚሰርዝ ገመድ) የሚቀበል ይምረጡ።

ለመደሰት ለሚሰማ ሰው የእኛ ምርጫ የመደርደሪያ ስፒከርና ለብቻው የሚገዛ አምፕሊፋየር ነው። ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) የጨርቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ከብረቱ ይልቅ ሹሽታን ያለዝባል። ወፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) 6.5 ኢንች ከሆነ ለሳሎን ይበቃል። አምፑ ባስ፣ ትሬብልና ሞኖ ቁልፍ (የግራና የቀኝ ቻናሎችን አንድ የሚያደርግ) ይኑረው። በተለይ ሞኖ ቁልፍ የሌለውን ትተው ቢያልፉ አይቆጭዎትም፤ የሞኖ ቅጂ ሁለቱ ቻናሎች ሲደመሩ ሙዚቃው ይደጋገፋል፣ ሹሽታው ግን ስለማይገጥም በ3 ዴሲቤል ያህል ወደኋላ ይቀራል። ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ የቴፑ ሄድ (ካሴቱን የሚያነበው ክፍል) ከተጣመመ ሞኖ ሲጫን ትሬብሉ ይጠፋል። መፍትሔው ሞኖውን እንደተጫነ ትቶ፣ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቪቴ በጥቂት በጥቂቱ ማዞርና ድምፁ ከሁሉ የጠራበት ቦታ ላይ ማቆም ነው። ሲገለበጥ ጠማማ ሄድ ላይ ለተቀዳ ካሴት ይህን ለእያንዳንዱ ካሴት ማድረግ ያስፈልጋል።

አምፑ ኢኳላይዘር (ድምፅን በየክልሉ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ) ካለው ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡ፣ 3 ኪሎኸርዝ ላይ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ይቀንሱ፣ ከ8 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውንም እንዲሁ። ከዚያ በላይ ከሄዱ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። ስፒከሮቹን ከግድግዳው ከ30 እስከ 50 ሳንቲሜትር ያርቁ፤ ትዊተሮቹን ቀጥታ ወደ ጆሮ አያነጣጥሩ፣ ከጎን ሲሰሙ ትሬብሉ ይቀንሳል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ ከማንኛውም ውድ ገመድ በፊት አንድ ወፍራም የመንዝ ባና ከመቀመጫዎ ጀርባ ግድግዳ ላይ ይስቀሉ፤ የሚነጥረውን ትሬብል ይውጣል።

ሄድፎን ሹሽታውን ጆሮ ውስጥ ያስገባል። ድምፃዊውን ወደ ግራ፣ ሙዚቃውን ወደ ቀኝ የለየ የድሮ ስቴሪዮ ቅጂ ደግሞ በሄድፎን ያደክማል። ክሮስፊድ (የግራውን ድምፅ በጥቂቱ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ የሚቀላቅል) ያለው ማጫወቻ ካላገኙ ለማታ ብቻ ያስቀምጡት።

ሙዚቃው ከካሴት ሲገለበጥ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ይበቃል፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ (ከመቅጃው ጣሪያ) 6 ዴሲቤል በታች ይቁም። ሹሽታ ማጥፊያ ሶፍትዌር ከ10 ዴሲቤል በላይ ከተጫነ ድምፁ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። 128 ኪሎቢት ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ (ድምፁን ሳይቀንስ ወደሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) መቀየርም ፋይሉን ከማሳበጥ በቀር የጠፋውን አይመልስም።

መርካቶ ወርደው ሲገዙ ሻጩ የሚከፍትልዎትን ንጹሕ ዘፈን አይመኑ። ከቅጂዎችዎ ሁሉ የተጎዳውን በፍላሽ ይዘው ይሂዱና 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ይስሙት። ድምፁን ለመቀነስ እጅዎ ደጋግሞ ወደ ቁልፉ ከሄደ ያንን ስፒከር ይተዉት።