ሬድማይን ከወራት በኋላ፦ «ጣና» ብሎ መፈለግ ለምን ይዘገያል?

ሬድማይን የሥራ ጥያቄዎችን እንደ ቲኬት መዝግቦ የሚከታተል ፕሮግራም ነው። ቲኬት መክፈቱ፣ ለባለሙያ መመደቡ፣ ኢሜይል መላኩ እንከን የለውም፤ ስለሱ ብዙ አልልም። ያስመረረኝ ፍለጋው ነው። የባሕር ዳር ሆቴሎችና የጣና ጀልባዎች የጥገና ማስታወሻ እየተከማቸ ሲሄድ አንዲት ቃል መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ።

ሻጭ ቢጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ራም ጨምሩ፣ ትልቅ ሰርቨር ግዙ»። አትግዙ! ሬድማይን ቃሉን ከፊትም ከኋላም ክፍት አድርጎ ስለሚፈልግ ተራው ቢ-ትሪ ኢንዴክስ (ጽሑፉን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ የሚያገኝ ማውጫ) አይረዳውም፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ሰንጠረዡን ሙሉ ያነባል። መፍትሔው አብሮት የሚመጣው የትራይግራም ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ክፍል) ነው፤ ጽሑፉን ሦስት ሦስት ፊደል እየቆረጠ ጂን በተባለ የኢንዴክስ ዓይነት ይይዛል። ለቲኬት ርዕስም፣ ለዝርዝሩም፣ ለማስታወሻዎቹም ሥሩለት። ርዕስና ዝርዝር በ«ወይም» ተያይዘው ስለሚጠየቁ አንዱ ከቀረ ሙሉ ንባቡ ይመለሳል። ተጠቃሚ ሳይቆም እንዲሠራ ኢንዴክሱን በምትፈጥሩበት ትእዛዝ ላይ «ኮንከረንትሊ» ጨምሩ፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ የማይሠራ ኢንዴክስ ይቀራል፣ እሱን አጥፍታችሁ እንደገና ጀምሩ።

ከላቲን ፊደላት ላይ እንደ é ያለውን ምልክት የሚያነሳው «አንአክሰንት» የተባለው ኤክስቴንሽን ካለ አውጡትና ሬድማይንን ሪስታርት አድርጉ። ካገኘው ዓምዱን በሱ ጠቅልሎ ስለሚጠይቅ አዲሱ ኢንዴክስ አይነካም፤ ለግእዝ ፊደል ደግሞ ምንም አይሠራም። ዳታቤዙ በ«ሲ» ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ከተፈጠረ ጭራሽ ልፋቱ ከንቱ ነው፦ የኛን ፊደል እንደ ፊደል አይቆጥረውም። ያኔ ባክአፕ ወስዶ፣ በዩቲኤፍ-8 ሎኬል አዲስ ዳታቤዝ ፈጥሮ መመለስ ግድ ነው።

«ፉል ቴክስት ሰርች (ቃላትን ወደ ሥራቸው መልሶ የሚፈልገው ዘዴ) ይሻላል» የሚለኝም አይጠፋም። ለአማርኛ አይሻልም! ፖስትግሬስ የአማርኛን ቃል ከነቅጥያው የሚፈታበት መዝገብ የለውም። የአሁኑ አፈላለግ ግን «ጀልባ» ስትሉት «የጀልባው»ንም «ለጀልባዎች»ንም ያመጣል። ሬድማይንን የማልለቅበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

የቀረው ችግር ባለሁለት ፊደል ቃል ነው። አንዱ ፊደላችን አናባቢውንም ስለሚይዝ «ጣና»፣ «ውሃ»፣ «በር» ሁለት ፊደል ብቻ ናቸው፤ ትራይግራም አይወጣላቸውም፣ ፍለጋው እንደ ድሮው ያዘግማል። «ሁሉም ቃላት» የሚለው እንደተመረጠ «ጣና ጀልባ» ብላችሁ ጻፉ፤ በ«ጀልባ» አጥብቦ የቀረውን ያጣራል። «ባሕር» እና «ባህር» ግን ለዳታቤዙ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ለነሱ ምርጫውን አንሱና ሁለቱንም አጻጻፍ አንድ ላይ ጻፉ።