ባለ አንድ ማንሻው የሩዝ ማብሰያዬ ከወራት በኋላ

ይህን የሩዝ ማብሰያ መጠቀም ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ስክሪን የለውም፣ ሰዓት መቁጠሪያም የለውም። ያለው አንዲት ማንሻ ናት። ስትጫኗት ማብሰል ይጀምራል፣ ሲበስል ራሷ ጠቅ ብላ ትነሳለች። እኔ ይህን ቀላልነቱን ወድጄዋለሁ።

ብዙ ሰው ደቂቃ ቆጥሮ የሚያጠፋ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ኃይሉ በሙሉ ውሃውን በማፍላትና በማትነን ያልቃል። ሩዙ ውሃውን ጠጥቶ ሲጨርስ ግን የድስቱ ቂጥ ወዲያው መጋል ይጀምራል። ድስቱን አንስታችሁ ብታዩ፣ መሃል ላይ በሞላ (ስፕሪንግ) የቆመች ክብ ነገር አለች። ውስጧ ማግኔትና አንድ ልዩ ብረት ተጣብቀዋል። ብረቱ 103 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በማግኔት መሳቡ ይቀራል። ማግኔቱ ይለቃል፣ ማንሻዋም ጠቅ ትላለች። ለዚህ ነው አንድ ሲኒም ይሁን ሙሉ ድስት ሰዓቱን ሳይነገረው በትክክል የሚያቆመው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ቶሺባ ለገበያ ያወጣው አውቶማቲክ ማብሰያ ድርብ ድስት ነበረው። በውጭኛው ድስት ትንሽ ውሃ ይጨመራል፤ ውሃው በ20 ደቂቃ ገደማ ተንኖ ሲያልቅ ሙቀቱ ይወጣና ማጥፊያውን ይቀሰቅሳል። ማብሰያውን የሠሩት ዮሺታዳ ሚናሚ ሲሆኑ፣ ሩዝ እየቀቀሉ የሞከሩት ደግሞ ባለቤታቸው ፉሚኮ ናቸው። የፉሚኮ ልፋት ብዙ ሊነገርለት ይገባል።

ወደ እኔው ማብሰያ ልመለስ። ያቺ ክብ ነገር ንጽሕና ትወዳለች። አንዲት የሩዝ ፍሬ እንኳ ከስር ከገባች ድስቱ በደንብ አይቀመጥም፣ መዝጊያ ሰዓቱም ይዛባል። የድስቱን ቂጥም ሁልጊዜ በጨርቅ አድርቄ ነው የማስገባው። የውስጡ ቅብ እስካሁን ደህና ነው፤ የብረት ማንኪያ ግን አላስነካውም።

የማይወደድ ነገርም አለው። ሩዙ በደንብ ካልታጠበ ስታርቹ አረፋ ሆኖ በክዳኑ ቀዳዳ ይገነፍላል፣ ጠረጴዛውም ይቆሽሻል። ከስር ሁልጊዜ ስስ ቅርፊት ይይዛል። ጠቅ ካለ በኋላ 10 ደቂቃ ሳይከፈት ቢተው ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ፍሬውም እኩል ይበስላል። ማጥፊያ ስለሌለው፣ ሲያልቅ የማሞቂያ መብራቱ እንደበራ ይቆያል፤ ሶኬቱን መንቀል ያስፈልጋል።